ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ፍራሾች

ለአንድ የእንግሊዝ አገር አልበም ብዬ ከሰፈሩ ሁሉ ፍራሽ ተውሻለሁ። በዚያው ፍራሽ ምክንያት ደግሞ ሰዎች ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ማን እንደ ሞተ ሳይጠይቁ አልቅሰዋል። ይህን ሳወራ «አንቺ ደግሞ ታጋንኛለሽ» የሚሉኝ አሉ። ማጋነን እወዳለሁ፣ አልክድም። እዚህ ታሪክ ላይ ግን የምጨምረው ስላጣሁ እንዳለ ነው የማወራው።

አሜሪካ፣ ዌስት አዳምስ ሰፈር ያለው ቤቴ ጓሮው ውስጥ አንድ ክፍል አለው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው በሙሉ ወፍራም አሮጌ እንጨት ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የተበላሹ ቴሌቪዥኖች ያጠራቅምበት ነበር። «አንድ ቀን እሠራቸዋለሁ» ይል ነበር፤ ነፍሱን ይማርና አንዱንም ሳይሠራ ሄደ። ከዚያ ኖርዝ ሆሊውድ የምትኖረው ልጄ መጥታ ቴሌቪዥኖቹን አስወጣች፣ አልጋ አስገባች፣ ጥግ ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀመጠችና ፎቶ አንስታ ለእንግዳ የሚከራይ ብላ ኢንተርኔት ላይ ፖስት አደረገችው። ፎቶው ላይ ቤተ መንግሥት ይመስላል። እኔ ራሴ አይቼ «ይሄ የት ነው?» ብያታለሁ።

ሁለቱ እንግሊዞች የመጡት ሁዳዴ በገባ ሰሞን ነው። እህትና ወንድም ናቸው። እሷ ትበልጠዋለች። ሁለቱም አርባዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ሁለቱም ረዣዥም፣ ሁለቱም ፀሐይ ሲያገኛቸው እንደ ቲማቲም የሚቀሉ። እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ ጊታር ይመታል። ጊታሩም ኤሌክትሪክ የማይሰካበት፣ ተራው የእንጨቱ ነው። ከበሮ የለም፣ ኦርጋን የለም፣ የሚያጅብ ሰው የለም። እኛ ሠርግ ላይ ብንጠራቸው ግማሹ እንግዳ ባንዱ መቼ ነው የሚመጣው እያለ ሲጠብቅ ይመሻል።

ወንድምየው ክፍሉ ውስጥ እንደ ገባ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ እጁን አንዴ ጧ አድርጎ አጨበጨበ። ጥጉ ጋ ሄዶ አጨበጨበ። ሻወር ቤት ገብቶ አጨበጨበ። ክፍሉን ወዶት ነው ብዬ እኔም በሩ ላይ ሆኜ ደስ እንዲለው አብሬ አጨበጨብኩ። ለካ ድምፅ እንዴት እንደሚመልስ እየሞከረ ነው። እንጨቱ በጣም ጥሩ ነው አለኝ። ለባለቤቴ ቴሌቪዥኖች ያን ያህል ጥሩ እንጨት መባከኑን የዚያን ቀን ነው ያወቅሁት።

አሜሪካን እየዞሩ በየትንንሹ አዳራሽ ሲዘፍኑ ከርመው፣ ከመመለሳቸው በፊት ለአልበማቸው የቀሩ ጥቂት ዘፈኖች እዚህ ሊቀርጹ ነው ሐሳባቸው። ስቱዲዮ አይፈልጉም። ሰው የኖረበት ክፍል፣ አንድ ማይክራፎን፣ አንድ ማሽን፣ በቃ። አንዴ ከተጀመረ እስከ መጨረሻው ይዘፈናል፤ እንደ ፊልም ቆርጦ መቀጠል የለም። ይሄ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወንድምየውን እስካውቀው ድረስ። የዚያ ሰው ጆሮ የሰው ጆሮ አይደለም። ወፍ ጮኸች ብሎ ያቆማል። ፍሪጁ አጉረመረመ ብሎ ያቆማል። አንድ ቀን ደግሞ ወጥ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በትሕትና «ሽንኩርቱ ብዙ ይቀረዋል?» አለኝ። ከጓሮ ሆኖ ስከትፍ ሰምቶኝ ነው።

ስለ ዘፈኖቻቸው ልንገራችሁ። ሰው ሳይሞት የሚያልቅ ዘፈን የላቸውም። መርከበኛው ባሕር ይገባል፣ እጮኛው ዳርቻው ላይ ትጠብቃለች፣ እሱ ይሰምጣል፣ እሷ ታብዳለች። በሌላው ዘፈን እሷ ትሰምጣለች፣ እሱ ያብዳል። አንዱ ሞቅ ያለ ዜማ ስለነበረው ትከሻዬን ነቅነቅ ማድረግ ጀምሬ ነበር፤ ለካ ሰውየው ሚስቱን እየቀበራት ነው። እህትየዋን የሠርግ ዘፈን የላችሁም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበችና «አንድ አለን» አለች፣ «ግን ሙሽራዋ ሳትደርስ ትሞታለች።»

ከነዚህ ሁሉ አንዱ ዘፈን ግን ለብቻው ነው። የእናታቸው ዘፈን ነው። እናትየዋ ራሷ አልደረሰችውም፤ ከእናቷ ሰምታ ዕቃ ስታጥብ የምታዜመው ነው። የትም አልተጻፈም፣ ማንም አልቀረጸውም። እናትየዋ እዚያ በረዶ በሚጥልበት ወራት ሞተች። ሶ አሁን ያ ዘፈን ያለው በሁለቱ ልጆች ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ አልወለዱም። ይህን የነገረኝ ወንድምየው ነው፤ ሻይ ስቀዳለት፣ የአውቶቡስ መስመር እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ። ስለ ሞተች እናቱ እያወራ ስኳር ስንት ማንኪያ እንደሚፈልግ አልጠፋውም።

ዘፈኑ እንዲህ ነው። አንዲት እናት ቤት ሆና ዳቦ ትጋግራለች፣ ልጆቿ ውጭ በረዶ ላይ ይጫወታሉ። ይመሻል፣ አይመጡም። አራተኛው አንጓ ላይ በሩን ከፍታ በየስማቸው ትጠራቸዋለች። ሌላ ሰው ቢዘፍነው የፈለገውን ስም ያስገባል። የእነሱ እናት ግን የምታስገባው የራሷን ልጆች ስም ነበር፤ መጀመሪያ የሴቷን፣ ቀጥሎ የወንዱን። እንግዲህ እህትየዋ እዚያ ቦታ ስትደርስ በእናቷ አፍ ራሷን መጥራት አለባት። አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ የለም። ወንድምየው «ከመጀመሪያው» ይላል፣ የጊታሩን ክር ያጠብቃል። ከመጀመሪያው ትጀምራለች፣ እዚያው ቦታ ዝም ትላለች። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ አገራቸው ይበራሉ። እስከዚያ ካልሆነላት አልበሙ ያለ እናቷ ዘፈን ይወጣል። እህትየዋ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ እዚህ ካልዘፈንኩት እቤት ስገባማ ጨርሶ አልዘፍነውም፣ እሷ ታዜምበት የነበረው ወጥ ቤት እዚያው ነው አለችኝ።

እኔን ያስጨነቀኝ እንግዲህ ይሄ ነው። እንግዶቼ ናቸው፤ ጉዳያቸው ጓሮዬ ውስጥ ነው። ምን ልርዳችሁ ስላቸው ወንድምየው ፍሪዌዩን ዝም አሰኚልን ከማለት በቀር ሁሉንም አለኝ። ቴን ፍሪዌይ፣ መኪና ሌት ተቀን የሚያጓራበት ትልቁ መንገድ፣ ከቤቴ ብዙ አይርቅም። እኔ ስለ ለመድኩት የሌለ ይመስለኝ ነበር፤ ማይክራፎኑ ግን አልለመደውም። ግድግዳው ላይ ወፍራም ነገር ቢሰቀል ድምፁን ይውጠዋል አለ፣ ለምሳሌ ፍራሽ።

ፍራሽ ነው እንዴ ችግሩ አልኩት። ሐበሻ ቤት ፍራሽ ጠፍቶ ያውቃል? ከአገር ቤት አዲስ ለሚመጣ ዘመድ፣ ለዘመድ ዘመድ፣ ዘመድ ነኝ ለሚልም እየተባለ በየአልጋው ስር አንድ ትርፍ ፍራሽ አለ። ስልኬን አንስቼ መደወል ጀመርኩ። ለምን እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። በጾም ዘፈን አይሰማም፤ እኔ ደግሞ ጓሮዬ ውስጥ ሁለት ዘፋኝ አስቀምጫለሁ። ለነገሩ አትክልት ብቻ ነው የሚበሉት፤ ከእኔ የተሻሉ ጿሚዎች ናቸው። ቢሆንም ዘፋኝ ዘፋኝ ነው፣ አፍ ደግሞ አፍ ነው።

ሁለት መንገድ ዝቅ ብላ የምትኖር ጓደኛ አለችኝ። የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ፌርፋክስ ላይ ሳታውቀው የሚያልፍ ነገር የለም። ፍራሽ እስከ ሰኞ ብታውሽኝ አልኳት። ስንት አለችኝ። ያለሽን ሁሉ አልኳት። ዝም አለች። ስልክ ላይ ዝም ስትል የሰማኋት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

እስቲ ነገሩን በእሷ ቦታ ሆናችሁ እዩት። እኛ ዘንድ ፍራሽ እንዲህ በብዛት የሚፈለገው ለአንድ ነገር ነው፤ ሰው ሲሞት ሳሎኑ ባዶ ይደረግና ለቅሶ የሚደርሰው ሰው እንዲቀመጥበት መሬት ላይ ይነጠፋል። እኔ ፍራሹን በወሰድኩ ማግስት፣ በርበሬና ሽሮ የምሸጥባትን ሱቄን ከወትሮው ቀደም ብዬ ዘጋሁ። ልምጣ ስትለኝ ይሄን ሳምንት ተይኝ አልኳት። ስልኬንም ዘጋሁ፤ ወንድምየው ለምኖኝ ነው። ይሄ ሁሉ አልበቃ ብሎ ዓይኔ አብጧል። እህትየዋ ለሰው እንጂ ለማሽን መዝፈን አልችልም ብላ ሁልጊዜ ጥግ ላይ ታስቀምጠኛለች፤ እኔ ደግሞ መርከበኛው በሰመጠ ቁጥር አለቅሳለሁ። መስመጡን እያወቅሁ። ጠዋት ፌርፋክስ ስደርስ በርበሬ ስወቅጥ ያደርኩ እመስላለሁ። ጓደኛዬ ሱቄ በር ላይ ቆማ ደህና ነሽ አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት፣ ያንን ዓይን ይዤ። አንገቷን እየነቀነቀች ሄደች። ቅዳሜ ደግሞ ከፍራሹ ጋር የሚሄድ ትራስ ልታቀብለኝ ብላ ስትመጣ፣ በአጥሩ በኩል የሴት እንጉርጉሮ ሰማች። ሳታንኳኳ ተመለሰች።

የደረሰችበትን መደምደሚያ በኋላ ነግራኛለች። ሰው ሞቶባታል፤ በጾም ሰው ላለማድከም ብላ ደብቃ ለብቻዋ እያለቀሰች ነው። እኛ ዘንድ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ለብቻ ማልቀስ ማለት ጎረቤቶቼን እንደ ሰው አልቆጥራቸውም ማለት ነው። ሶ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ግማሽ በንዴት ግማሽ በሐዘን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሰው ሰብስባ ወደ እኔ ቤት መራችው።

እኛ በዚያ ሰዓት ጓሮ ነን። ፍራሾቹ ዙሪያውን ተሰቅለዋል፤ አበባ ያለባቸው፣ መስመር ያለባቸው፣ አንዱማ ልጅ የሸናበት ካርታ ያለበት። ክፍሉ ጥጥ ውስጥ የተቀበርን ያህል ጸጥ ብሏል። ወንድምየው ትልቁን የጆሮ ማዳመጫ አድርጓል፣ ማሽኑ በርቷል። እህትየዋ የእናቷን ዘፈን ጀመረች። ያን ቀን ድምፅዋ ሌላ ነበር፤ የምትሸሽ ሳይሆን የምትሄድ ድምፅ። አንደኛውን ጨረሰች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ትንፋሽ ሳበች። ወንድምየው ቀና አለ። እኔ የወንበሬን ክንድ ጨበጥኩ። ከንፈሯ የስሟን መጀመሪያ ሲይዝ በዓይኔ አየሁ።

«ወይኔ! ወይኔ! ወይኔ!» የሚል ጩኸት ከውጭው በር ተነሣ።

ወንድምየው ማዳመጫውን እንደ ጋለ ድስት ክዳን ወርውሮ ጣለው፤ ለእሱ ጆሮው ውስጥ ገብተው ነው የጮኹት። እህትየዋ አፏን እንደ ከፈተች ቀረች። እኔ ደግሞ ከሰፈራችን ሰው ሞቶ ሊነግሩኝ የመጡ መሰለኝና ነፍሴ ወጣች፤ «ወይኔ!» ብዬ ወጣሁ። እኔ መጮኼን ሲያዩ እነሱ ባሱ። ነጠላቸውን ለሐዘን እንደሚጣፋው አጣፍተው፣ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሉኝ። ተቃቅፈን፣ እኔ የእነሱን ሟች፣ እነሱ የእኔን ሟች እያለቀስን ቆየን። ከልባችን ነው ደግሞ።

ለመተንፈስ ስናቆም «ማነው?» አልኳት ጓደኛዬን።

«አንቺ ነሽ እንጂ የምትነግሪን» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ?»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

እናንተ ስታለቅሱ ነዋ አልኳት። እሷም ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ በጣም በተለወጠ ድምፅ ፍራሼስ አለችኝ። መልስ ሳትጠብቅ አልፋኝ ወደ ጓሮ ሄደች፣ ሰዉም ተከተላት። ክፍሉ በር ላይ ቆማ ፍራሿን አየችው፣ በገመድ ተጠፍሮ ተሰቅሏል። «ቆማችሁ ነው የምትተኙት?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ዘፋኞች መሆናቸውን፣ አልበሙን፣ ፍሪዌዩን። በሁዳዴ አለች አንዷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ፍራሾቹ እንዳይሰሙ ይመስል። ወንድምየው ጊታሩን አቅፎ ያ ሁሉ ነጭ የለበሰ ሰው ምን ሊያደርገው እንደመጣ ሊገባው አልቻለም። እህትየዋ ናት ቀረብ ብላ ምንድን ናቸው ብላ የጠየቀችኝ። በእኔ እንግሊዝኛ አስረዳኋት፤ ሰው የሞተ መስሏቸው አብረውን ሊያለቅሱ ነው የመጡት። ማን እንደ ሞተ ሳያውቁ ነው አለችኝ። አዎ፣ እሱ በኋላ ይጠየቃል አልኳት።

ሰዎቹን አየቻቸው፤ ያበጠ ዓይናቸውን፣ የያዙትን ድስት፣ ነጠላቸውን። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ «እናቴ ሞታለች» አለቻቸው።

ያቺን ያህል እንግሊዝኛ የማያውቅ አልነበረም። እግዜር ይቅር ይበለኝና ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ ነው። ያ ሁሉ እንባ ባለቤት አገኘ። ጓደኛዬ ወዲያው ነጠላዋን መልሳ አጣፋች፣ «ከመጣን አይቀር» አለችና እህትየዋን ጎትታ እቅፏ ውስጥ ከተተቻት። ሌሎቹ ፍራሾቹን ከግድግዳው እየፈቱ መሬት ላይ ማንጠፍ ጀመሩ። ወንድምየው እነዚያን ፍራሾች በጆሮው እየለካ ሲሰቅል ሲያወርድ ነው የሰነበተው። «ግን...» አለ። እንግሊዝ «ግን» ካለ በኋላ አይቀጥልም፤ እኛ ደግሞ ካልቀጠለ አንሰማም። ተቀመጥ ብለው አስቀመጡት።

ጋሼ የገቡት በዚህ መሃል ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳውንታውን ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ለቅሶም ሠርግም ቢሆን የሰዉን መኪና አንድ በአንድ ፓርክ ሳያደርጉ አይገቡም። የሁሉም ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ እየተንኳኳ ገብተው ፍራሽ ላይ ቁጭ አሉና ማን ነው የሞተው አሉ። የዚህች ልጅ እናት ተባሉ። ልጅቷን አይዋት። ዘመዳችን ናት ወይስ ምንድን ናት ብለው አልጠየቁም። ስንት ዓመቷ ነበር አሉ።

ከዚያ እንደ ወጉ ሁሉም ይጠይቃት ጀመር፤ እኔ አስተርጓሚ። ታማ ነበር ወይ? ስትታመም ማን አስታመማት? ስትሞት ማን አጠገቧ ነበር? ጠርታችኋለች ወይ? መጀመሪያ ይሄን መጠየቅ ነውር እንዳይሆንባት ፈርቼ አለሳልሼ ነበር የምተረጉመው። እሷ ግን እንደ ተጠማ ሰው ነው የመለሰችው። ሰው ሁሉ አዝናለሁ ብሎኝ አለፈ እንጂ ማንም እንዴት ሞተች አላለኝም አለች። እነሱ መንገድ ላይ ሆነው ነው የሞተችው፤ ሌላ ከተማ ዘፈን ነበራቸው። አልደረሱም። ነርሷ ስልኩን እናትየዋ ጆሮ ላይ ይዛላት ነበር፤ ልጅቷ ግን ምን ማለት እንዳለባት ስላልገባት ስለ አየሩ አወራቻት።

ሴቶቹ «እህህ» አሉ፣ ሁሉም አንድ ላይ።

ጋሼ ከቀብር በኋላ ምን ያህል ተቀመጣችሁ አሉ። ሳንድዊች ነበር፣ ሻይ ነበር፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። በሳምንቱ መጨረሻ እነሱም ወደ ሥራቸው። ይሄን ስተረጉም ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ጎረቤት የላቸውም እንዴ አለችኝ፣ ስለ በሽታ እንደሚጠይቅ ሰው።

ምን ዓይነት ሴት ነበረች ሲሏት ትዘፍን ነበር አለች። ከዚያ ወንድሟን አየችው። ዘፈኑን አሁን ልሞክረው አለች፤ ማይክራፎኑን አይታ አይደለም፣ እነሱን አይታ ነው። ወንድምየው ክፍሉ እኮ ፈርሷል አላት። ይፍረስ አለችው።

እዚህ ላይ ነው የጾሙ ነገር የተነሣው። አንዷ ሴት ዘፈን ከሆነስ እኔ ውጭ ልቁም ብላ ተነሣች። ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጅ ለሞተች እናቷ የምትለው ዘፈን አይባልም፣ ሙሾ ነው ብለው ፈረዱ። ጊታሩስ አለች ሴትየዋ፣ አሁንም እንደ ቆመች። ጋሼ ጊታሩን ከላይ እስከ ታች መረመሩት። «በአገራቸው በገና ነው ብለሽ ቁጠሪው» አሏት። ተቀመጠች። ጳጳስ ቢጠየቅ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ጓሮዬ ውስጥ ግን የመጨረሻው ፍርድ ይሄ ነው።

ወንድምየው ጊታሩን ከመምታቱ በፊት እንደ ልማዱ ማሽኑን አበራ። ተስፋ አድርጎ አልመሰለኝም፤ እጁ ነው የለመደው። እህትየዋ ፍራሽ ላይ፣ ጓደኛዬ ጎን፣ እግሯን አጣጥፋ እንደ ተቀመጠች ጀመረች። ሰዎቹ ቃሉ አልገባቸውም፤ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱም ግማሹ። ግን እንደ እኛ ሰው ዝም ብሎ ማዳመጥ የሚያቅተው የለምና፣ በየመሃሉ «እህ» ይላሉ፣ ከንፈር ይመጥጣሉ፣ አንዷ አፍንጫዋን እንደ መለከት ነፋች። ወፍ ጮኸች ብሎ የሚያቆመው ሰውዬ ዝም ብሎ ይመታል።

ሦስተኛው አለቀ። ትንፋሽ ሳበች። የራሷን ስም ጠራች።

ወጣ። በጣም ቀጭን ሆኖ፣ ግን ወጣ። እዚህ ስማቸውን አልጽፈውም። ቋንቋውን የማያውቁት ሴቶች እንኳን እናት በር ላይ ቆማ ልጅ እየጠራች መሆኑን አወቁ፤ ያ ድምፅ በየትም አገር ያው ነው። ቀጥላ የወንድሟን ስም ጠራች።

ጊታሩ ቆመ።

እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያንን ስም በዚያ ዜማ ሲጠራ አልሰማውም ነበር፤ እሷ ሁልጊዜ ከመድረሷ በፊት ነው የምታቆመው። እጁ ክሩ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ በቃ አለቀ አልኩ በሆዴ፤ ይኸው ደግሞ እሱ። እህትየዋ አየችው። ታላቁ ናት። ሕፃን ሆነው ሲጠሩ ማን ቀድሞ እንደሚነሣ፣ ማን እጅ ይዞ እንደሚያስገባ ያኔ ገባኝ። ያለ ጊታር፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ቀጠለችው። ጋሼ እየዳኹ ማለት ይቻላል ፍራሹን ተሻግረው ሄደው ወንድምየው ትከሻ ላይ እጃቸውን ጣሉና በቀስታ አንድ ነገር አሉት። እኔ ልተረጉምለት ነበር፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ጋሼ ሲጠጉ ኪሳቸው ያለው ቁልፍ ተጭኖ ኖሮ፣ ውጭ የአንዱ ሰው መኪና ጮኸች። እህትየዋ አላቆመችም። ዘፈኑ ውስጥ ያለችው እናት በሩን ዘጋች፣ ዳቦውን አወጣች፣ አለቀ።

ማንም አላጨበጨበም። ለቅሶ ላይ አይጨበጨብም። ወንድምየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቀረ፤ እህቱ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ሴቶቹ ድስታቸውን ከፍተው ምስርና ጎመን አቀረቡ። ሁለቱም በሉ። ጋሼ ወንድምየውን ደጋግመው አጎረሱት፤ እምቢ ማለት እንደሚቻል የነገረው ሰው አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ጓሮ ስወጣ ወንድምየው ፍራሾቹን መልሶ ሰቅሏቸዋል፤ ብቻውን። እህቱን አንዴ በንጹሕ እንቅረጸው እያለ ይለምናታል። ጊታሩ መሃል ላይ ተቋርጧል፣ ሰው አፍንጫውን ይናፈጣል፣ መኪና ይጮሃል፤ ይሄ እንዴት አልበም ላይ ይወጣል? እሷ ሻንጣዋን እያሰረች ቀና ሳትል «እኔ ዘፍኜዋለሁ» አለችው። ጊዜ አለን አላት። የሻንጣዋን ዚፕ ዘጋች። የእህትና የወንድም ነገር ስለሆነ እኔ የፕላስቲኩን አበባ አቧራ መጥረግ ጀመርኩ።

ትንሽ ቆይቶ ወንድምየው ጠራኝ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገና የትናንቱን አሰማኝ፣ ጊታሩ ከቆመበት። የእሷ ድምፅ ብቻውን ይሄዳል፤ ከበስተኋላው የጋሼ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ። «ሽማግሌው እዚህ ጋ ምን እያሉኝ ነው?» አለ።

«እኛ ዘንድ እናት ስትጠራ ዝም አይባልም» አልኩት። «አቤት ይባላል። እሳቸው ‹አቤት በላት እንጂ› ነው ያሉህ።»

ማዳመጫውን ከጆሮዬ ወስዶ ለራሱ አደረገው። ያችኑ ቦታ መልሶ ሰማት። ደግሞ መልሶ ሰማት። እህቱ እጇን ሻንጣዋ ላይ እንዳደረገች ቆማ ታየዋለች። ከዚያ ማሽኑን ዘጋና ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሄደ፣ የመጀመሪያውን ፍራሽ ገመድ መፍታት ጀመረ።

«እንደዚሁ ይውጣ» አለ።

እህቱ ሻንጣዋን ትታ መጥታ የፍራሹን ሌላኛውን ጫፍ ያዘችለት።